ጣና ቂርቆስ፦ ታቦተ ጽዮን አርፎበታል የሚባለው ደሴትና የቤተ እስራኤል ትዝታ

ጣና ቂርቆስ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጠገብ የሚገኝ ትንሽ፣ ረዘም ያለና ድንጋያማ ደሴት ነው። በላዩ በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ገዳም አለ። በጣና ካሉት ገዳማት በሥዕል ብዛትም ሆነ በሕንፃ ውበት ቀዳሚው አይደለም። ስሙን ያስጠራው ሌላ ነገር ነው። መነኮሳቱ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት በደሴቱ ላይ የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋ ነበር ይላሉ፤ ታቦተ ጽዮንም ወደ አክሱም ከመወሰዱ በፊት 800 ዓመት እዚያ ተቀምጧል ይላሉ።

ከጎንደር፣ ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጭልጋና ከአርማጭሆ ተነስተው ዛሬ በቂሪያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ጣናን ያውቁታል። አንዳንዱ ከብት አጠጥቶበታል፣ አንዳንዱ ከሩቅ ሲያንጸባርቅ አይቶታል። ስለ ጣና ቂርቆስ ግን የሚነገረው ብዙ ጊዜ በግማሽ ነው። አንዱ ወገን ደሴቱን የአይሁድነታችን ማስረጃ ያደርገዋል፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ተረት ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ከዚህ በታች ትውፊቱ የሚለው፣ ጽሑፍ የሚለውና ድንጋዩ የሚያሳየው ለየብቻ ቀርቧል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደሴቱና ሐይቁ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ኪኔሬት 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ15 በላይ ኪኔሬቶች በጣና ላይ ይነጠፋሉ ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፣ ዓባይ ከባሕር ዳር አጠገብ ይወጣበታል። መገጭ ከጎንደር በኩል የሚወርደው ወንዝ ነው።

ሐይቁ 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ወደ 20 በሚሆኑት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ። ጣና ቂርቆስ ከባሕር ዳር ሲነሱ ሩቅ ነው። በሞተር ጀልባ እንደ ጀልባው ፍጥነት ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ግን ከምሥራቁ ዳርቻ፣ ከደራና ከፎገራ ምድር በኩል ቢሻገር ይቀለዋል፤ ደሴቱ ለዚያ ዳርቻ እጅግ ቅርብ ነው። ስለዚህ የጣና ቂርቆስን «ርቀት» የሚሠራው ውኃው ብቻ አይደለም። የገዳም ሥርዓቱም አለበት፦ ማን ይገባል፣ ማን አይገባም፣ እስከ የት ይገባል።

ትውፊቱ ምን ይላል?

የቀዳማዊ ምኒልክ ታሪክ በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው። ንግሥት ማክዳ ወደ እየሩሳሌም ወረደች፣ ከንጉሥ ሰሎሞን ምኒልክን ወለደች፣ ምኒልክ አድጎ አባቱን ሊያይ ሄደ፣ ሲመለስ የእስራኤል የበኩር ልጆችና ሌዋውያን አብረውት መጡ፣ ታቦተ ጽዮንንም ይዘው መጡ። የጣና ቂርቆስ መነኮሳት በዚህ ላይ የራሳቸውን ምዕራፍ ይጨምራሉ። ሌዋውያኑ ታቦቱን ወደ ሐይቁ አምጥተው በደሴቱ ላይ በድንኳን አኖሩት፤ 800 ዓመት በዚያ ሲያገለግሉት፣ መሥዋዕት ሲሠዉለት ኖሩ፤ በንጉሥ ኢዛና ዘመን አገሩ ክርስትናን ሲቀበል ታቦቱ ወደ አክሱም ተወሰደ። ደሴቱ ያን ጊዜ ደብረ ሣህል ይባል ነበር የሚልም አለ።

የምኒልክን ታሪክ በሰፊው የያዘው ክብረ ነገሥት በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተዘጋጀ ነው። ክብረ ነገሥት ግን ስለ ጣና ቂርቆስ አይናገርም፤ ታቦቱ የገባው ወደ ደብረ ማክዳ ነው ይላል። የደሴቱ ታሪክ ከትልቁ መጽሐፍ ውጭ በገዳሙ ሰዎች አፍ የኖረ ነው። ይህ ሐሰት ነው ለማለት አይበቃም። የአክሱም ሊቃውንት የጻፉት መጽሐፍ የጣናን ገዳም ማክበር ግዴታው አልነበረም። ነገር ግን «በክብረ ነገሥት ተጽፏል» ብሎ የሚያስረዳ ሰው ቢያጋጥም ስሕተት መሆኑን ማወቅ ደግ ነው።

ቁጥሩም ያነጋግራል። ሰሎሞን የነገሠው በ10ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደት ነው። ኢዛና የነበረው በ4ኛው መቶ ዘመን ከልደት በኋላ ነው። በመካከሉ ወደ 1,300 ዓመት አለ። 800ውን ሲቀንሱ 500 ዓመት ይተርፋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ባሳተመው የታቦተ ጽዮን ፍለጋ መጽሐፉ ይህችን ክፍተት ያዘ። ታቦቱ ወደ ጣና የመጣው በ5ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደት ከሆነ፣ ከዚያ በፊት በግብፅ በአስዋን አጠገብ በኤሌፋንቲን ደሴት በነበረው የአይሁድ ቤተ መቅደስ ቆይቶ ይሆናል አለ።

የኤሌፋንቲን አይሁድ እውነተኛ ናቸው። በአራማይስጥ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ ቤተ መቅደስ ነበራቸው፣ መሥዋዕት ይሠዉ ነበር፣ ቤተ መቅደሳቸው በ410 ቅድመ ልደት ፈረሰ፣ በ407 ይታደስልን ብለው ለይሁዳ ገዥ ጻፉ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ግን ታቦቱ በእጃችን ነው የሚል ቃል የለም። የታሪክ ምሁራን የሃንኮክን ሐሳብ ያልተቀበሉት ለዚህና ለመሰል ምክንያቶች ነው። የትውፊት ቁጥር ቀድሞውንም በካልኩሌተር እንዲመረመር ተብሎ የተነገረ አይደለም። 800 ዓመት የሚለው «ክርስትና ከመምጣቱ እጅግ አስቀድሞ» ለማለት ሊሆን ይችላል።

ድንጋዮቹ

በደሴቱ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ከሰው ቁመት ያነሱ የተጠረቡ የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። ጫፋቸው እንደ ሲኒ ተቦርቡሯል። መነኮሳቱ እነዚህ የመሥዋዕት ድንጋዮች ናቸው ይላሉ። እንደ እነሱ አነጋገር ካህኑ የታረደውን እንስሳ ደም በዕቃ ይቀበላል፣ በጣቱ እየነከረ ይረጫል፣ የተረፈውን በድንጋዩ ጉድጓድ ያፈስሳል።

ኦሪትን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ትዝ ይለዋል። በዚያም ካህኑ ጣቱን በደም ነክሮ በመጋረጃው ፊት ሰባት ጊዜ ይረጫል፣ የመሠዊያውን ቀንዶች ይቀባል፣ የቀረውን ከመሠዊያው ሥር ያፈስሳል። ክርስቲያን መነኮሳት ይህን ያህል ዝርዝር ይዘው መኖራቸው የሚገርም ነው። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መነኮሳቱም ዘሌዋውያንን ያነባሉ። የሚናገሩት ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን ይሁን ከመጽሐፍ ያገኙትን መለየት ቀላል አይደለም። የተቦረቦረ ድንጋይም ብቻውን ማን እንደቦረቦረውና ለምን እንደቦረቦረው አይናገርም።

ለቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ግን የመሥዋዕት ነገር የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ያዩት ነው። በፋሲካ ዋዜማ ቄሶች በጸሎት ቤቱ ግቢ በጉን ያርዱ ነበር፣ ሥጋው ተጠብሶ ከቂጣ ጋር ይበላ ነበር። በአንዳንድ መንደሮች ይህ እስከ ዓሊያ ዘመን ድረስ ቆይቷል። (ጸሎት ቤቱ «መስጊድ» ይባል እንደነበር ወጣቶች ሲሰሙ ግር ይላቸዋል። ቃሉ መስገድ ከሚለው ግሥ የመጣ የራሳችን ቃል ነው፤ የስግድ በዓል ስምም ከዚያው ሥር ነው።)

እዚህ ላይ የያቭኔ ነዋሪዎች ከማንም ይልቅ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን እየሩሳሌምን ሲያፈርሱ ራቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ ከተከበበችው ከተማ ወጥተው የሊቃውንት ጉባኤ ያቋቋሙት በዚያችው በያቭኔ ነው። ያ ጉባኤ ትልቅ ጥያቄ ነበረበት፦ ቤተ መቅደስ ከሌለ፣ መሥዋዕት ከሌለ፣ አይሁድነት እንዴት ይኖራል? በያቭኔ የተጀመረው መልስ ጸሎት፣ ትምህርትና በጎ ሥራ በመሥዋዕት ፈንታ እንዲቆሙ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ያሉ አይሁድ መሥዋዕት ሳይሠዉ ኖሩ።

የያቭኔ ውሳኔ ወደ ጣና አካባቢ አልደረሰም። ቤተ እስራኤል ታልሙድን አላወቁም፤ የያዙት በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ነው። ስለዚህ ኦሪት ሠዉ ሲል ሠዉ። የውጭ አገር ጎብኚዎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጥተው ይህን ሲያዩ ተገረሙ፤ ሚስዮናውያኑ ደግሞ ከእየሩሳሌም ውጭ መሥዋዕት መሠዋት ኦሪትን መተላለፍ ነው እያሉ ቄሶቹን ይከራከሩ ነበር። ዛሬ የዚያ ሕዝብ ልጆች መሥዋዕት በጸሎት በተተካባት ከተማ ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ከጎንደር ወደ ያቭኔ የተደረገው ጉዞ የአውሮፕላን ሰዓታት ብቻ አልነበረም።

እንዲህ ሲታይ የጣና ቂርቆስ ድንጋዮች ታቦት ነበረ አልነበረም ከሚለው ክርክር ውጭም ትርጉም አላቸው። በአካባቢው ክርስቲያኖችም አይሁድም «እዚህ አገር ከወንጌል በፊት ኦሪት ነበር» ብለው ያምኑ እንደነበር ይመሰክራሉ።

የክርስትናው ዘመን ትውፊት

ደሴቱ ስለ ድንግል ማርያምም ይናገራል። ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ወደ ኢትዮጵያም መጥታ በጣና ቂርቆስ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጣለች ይባላል፤ ያረፈችበት ነው የሚባል ድንጋይም ይታያል። ይህንኑ ትውፊት ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ደሴቶቹን ዞሮ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ደሴቱ ለሴቶች ዝግ ከሆኑት የጣና ገዳማት አንዱ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል።

በ4ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በ6ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ስማቸው ከደሴቱ ጋር ይያያዛል። ቂርቆስ ራሱ የኢትዮጵያ ሰው አይደለም። በሮማውያን ዘመን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ጥር 15 እና ሐምሌ 19 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታሰባል።

መነኮሳቱ ስለ አይሁድ የጻፉት

ከትውፊት ወደ ጽሑፍ ስንሻገር ነገሩ ይጠብቃል፣ ይመራልም። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን የጣና ደሴቶች በመነኮሳት ተሞሉ። ኅሩተ አምላክ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ዘዮሐንስ ክብራን ገብርኤልን፣ ያፍቅረነ እግዚእ ጉጉቤንን መሠረቱ። ይህ የሆነው የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ በነበረበት ጊዜ ነው። የዓፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ዜና መዋዕል በስሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ ክርስትናን ትተው እንደ አይሁድ በሆኑ ሰዎች ላይ ሠራዊት መላኩን ይናገራል። መነኮሳቱና ወታደሮቹ በአንድ አቅጣጫ ይሄዱ ነበር።

ስለ ቤተ እስራኤል ከተጻፉት የቆዩ ምንጮች አንዱ የወጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። የአባ ያፍቅረነ እግዚእ ገድል ቆዝሞስ ስለሚባል መነኩሴ ይተርካል። ጊዜው ዓፄ ዳዊት (1382–1413) የነገሡበት ነው። ቆዝሞስ ገዳሙን ትቶ በስሜን ወደሚኖሩ አይሁድ ሄደ፣ ሃይማኖታቸውን ያዘ፣ ኦሪትን ጻፈላቸው፣ እነሱም እንደ ታላቅ ሰው አከበሩት። ቆይቶ ጦር መርቶ ከሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በእንፍራዝ ላይ ዘመተ፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ መነኮሳትን ገደለ። ንጉሡ የትግራይን ገዥ አካዶምን ላኩ፤ ቆዝሞስ በጦርነቱ ሞተ።

ገድሉ የተጻፈው በአንድ ወገን እጅ ነው። ቆዝሞስ ክፉ የሆነው ከሐይቁ ሲያዩት ነው፤ ከስሜን ተራራ ሲያዩት ምን ይመስል እንደነበር የጻፈልን የለም። በዚያ ዘመን በቤተ እስራኤል እጅ የተጻፈ ዜና መዋዕል አልተገኘም። ያም ሆኖ ገድሉ ሳይፈልግ ሁለት ነገር ይመሰክራል። አንደኛ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው አይሁድ ብለው የሚጠሩት፣ የራሱ እምነትና ጦር ያለው ሕዝብ በአካባቢው ነበር። ሁለተኛ፣ በገዳምና በአይሁድ መንደር መካከል ሰውም መጽሐፍም ይመላለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ከባድ ነው። ዓፄ ይስሐቅ (1414–1429) ቤተ እስራኤልን በጦር ካሸነፉ በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጁ ይባላል። «ፈላሻ» የሚለው፣ ዛሬ ማኅበረሰቡ የማይወደው ስም፣ ርስት ከማጣት ጋር የተያያዘው በዚህ ነው። ርስት ያጣ ሕዝብ ወደ አንጥረኝነት፣ ወደ ሸክላና ወደ ግንባታ ሥራ ገባ። ነገሥታቱ እኛ የእስራኤል ዘር ነን ብለው በክብረ ነገሥት ሲመኩ፣ በኦሪት ብቻ የቀረውን ሕዝብ መሬቱን ቀሙት። የጣና ቂርቆስን ታሪክ ያለዚህ መተረክ ግማሹን መተው ነው።

የእኛም መነኮሳት ነበሩ

ብዙ ወጣቶች ሲሰሙ አያምኑም እንጂ ቤተ እስራኤልም መነኮሳት ነበራቸው። በዘመናት መካከል ከቀሩት የዓለም አይሁድ መነኮሳትን ያቆየ ሌላ ማኅበረሰብ የለም ለማለት ይቻላል። ማኅበረሰቡ «መሎክሴ» ይላቸው ነበር። መሥራቹ በ15ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አባ ሰብራ ናቸው ይባላል። አባ ሰብራ ወደ ቤተ እስራኤል እምነት ያስገቧቸው ጸጋ አምላክ ደግሞ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ነበሩ የሚል ትውፊት አለ። ንጉሡ አይሁድን አጥብቀው ያሳደዱ ነበሩና ይህ ትውፊት በቤተ እስራኤል ዘንድ በልዩ ኩራት ይነገራል። የተቀመጡበት ሆሃርዋ፣ ከጎንደር ሰሜን ምዕራብ፣ የማኅበረሰቡ ታላቅ የተቀደሰ ቦታ ሆነ።

የእስራኤል ተመራማሪው ባር ክሪቡስ ከባልደረቦቹ ጋር በኢትዮጵያ እየዞረ የእነዚህን መኖሪያዎች ፍራሽ አጥንቷል፤ በ2022ም መጽሐፍ አሳትሟል። ከጥናቱና ከሽማግሌዎች ቃል የሚወጣው ሥዕል ከጣና ገዳማት ጋር ማወዳደር የሚያጓጓ ነው። የክርስቲያን መነኩሴ ከዓለም የሚለየው ሐይቁን ተሻግሮ ነው። መሎክሴው ደግሞ ከመንደሩ አጠገብ በአጥር ወይም በድንጋይ ካብ ይለያል። ሕዝቡ ሊጠይቀው ይመጣል፤ ግን አይነካውም፣ ያልነጻ ሰው የሠራውንም ምግብ አይበላም። የአትንኩኝ ሥርዓት በመሎክሴዎች ዘንድ ከሁሉ የጠበቀ ነበር። ለመንጻት የሚፈስስ ውኃ ያስፈልጋልና የመኖሪያቸው ነገር ከወንዝ አይርቅም። ለአንዱ ውኃ ከሰው የሚለይ አጥር ነው፣ ለሌላው ወደ ሰው የሚመልስ መታጠቢያ።

መሎክሴዎቹ ለራሳቸው ብቻ የሚጸልዩ አልነበሩም። ቄሶችን ያስተማሩ፣ ጸሎቶቹንና ዜማውን ያቆዩ እነሱ ናቸው። በ1840ዎቹ አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ከአውሮፓ አይሁድ የመጡ ጥያቄዎችን ይዞ ሲመጣ መልስ የሰጡት የሆሃርዋው አባ ይስሐቅ ነበሩ። በ1862 ሕዝቡን አስከትለው ወደ እየሩሳሌም የተነሡት አባ መሃሪም መሎክሴ ነበሩ። ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ነበር የሄዱት። ብዙዎች በትግራይ በረሃብና በበሽታ አለቁ፣ የተረፉት ተመለሱ። ከዚያም ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ክፉ ቀን መጣ። ከብቱም ሰውም ሲያልቅ ምንኩስናው ዳግመኛ አላንሰራራም፤ ጥቂቶች ብቻ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ቀጠሉ።

ስለዚህ «ገዳም የክርስቲያን ነው» የሚለው አባባል ለጎንደር ምድር አይሠራም።

ዘሩስ ከየት ነው?

የጣና ቂርቆስ ነገር ሲነሳ መጨረሻው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ከቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ከምኒልክ ጋር የመጡትን የሚጠቅሱ አሉ፣ ከመጀመሪያው ቤተ መቅደስ መፍረስ በኋላ በግብፅ በኩል የመጡትን የሚጠቅሱም አሉ። በእስራኤል የሕግ መሠረት የሆነው ግን የዳን ነገድ ትውፊት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበሩት ራቢ ዳዊድ ቤን ዚምራ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈርደው ነበር። በ1973 ዋናው ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ይህን ይዘው አይሁድነታቸውን አጸኑ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ ለማኅበረሰቡ ተፈጻሚ ሆነ። የታሪክ ምሁሩ ስቲቨን ካፕላን በበኩላቸው በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ማኅበረሰቡ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የተቀረጸው ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን በዚያው በኢትዮጵያ ምድር ነው ብለዋል። ይህ አስተያየት ብዙዎችን አስቆጥቷል።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው የራቢዎቹ ውሳኔ በጣና ድንጋይ ላይ አለመቆሙን ነው። ድንጋዩ ነገ የሌላ ዘመን ሥራ ሆኖ ቢገኝ የማንም አይሁድነት አይነካም። ስለዚህ ደሴቱን ያለ ፍርሃት መመርመር ይቻላል።

መጻሕፍት፣ ነገሥታትና እምቦጭ

ደሴቶቹ ለብዙ ዘመን የአገሩ ካዝና ነበሩ። በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ቅርስና መጽሐፍ ወደ ሐይቁ ይሸሽ ነበር። በዳጋ እስጢፋኖስ የዓፄ ዳዊት፣ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዓፄ ዘድንግልና የዓፄ ፋሲለደስ አጽም ይታያል። ቤተ እስራኤልን ያሳደዱት ዘርዓ ያዕቆብና የጎንደርን ግንብ ያስጀመሩት ፋሲለደስ በአንድ ክፍል ተኝተዋል። በ1968 ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በጣና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አንስቷል፤ ምሁራን ብዙዎቹን ዛሬም የሚያነቡት በዚያ ሥራ ነው።

ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ከ2011 ጀምሮ ግን እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ተስፋፍቶ ዓሣ አስጋሪውንም ጀልባውንም አስቸግሯል። ጣና ቂርቆስ ያለበት በዚሁ በምሥራቁ በኩል ነው።

ከዚህ አገር ወደ ጎንደር ለሥር ፍለጋ የሚሄዱ ቤተሰቦችና ወጣቶች አንዳንዴ ጣናን በጉዟቸው ይጨምሩት ነበር። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲበረታ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን አውጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ አስተማማኝ አይደለም፣ ከመነሳት በፊትም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማስጠንቀቂያ ማየት ያስፈልጋል። ሰላም ሆኖ የሚሄድ ሰው ጀልባ የሚያገኘው ከባሕር ዳር ነው። ሩቅ ስለሆነ ባለ ጀልባዎቹ ጣና ቂርቆስን ከቅርቦቹ ገዳማት ጋር በአንድ ዋጋ አይቆርጡትምና አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ወንዶች ጫማ አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይገባሉ። ድንጋዮቹን ለማየት መነኮሳቱን መጠየቅና የሚያሳይ ሰው እስኪመጣ መታገሥ የግድ ነው፤ ሴቶች ዳርቻው ላይ ይጠብቃሉ።